ቻርጅ የሚደረግ የኪስ ባትሪ፦ ምን ታይቶ ይገዛ?

የኪስ ባትሪ በአንድ እጅ የሚያዝና ኪስ ውስጥ የማይከብድ መብራት ነው። ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ7 እስከ 13 ሴንቲሜትር፣ ክብደቱም ድንጋዩን ጨምሮ ከ50 እስከ 150 ግራም ይደርሳል። ዛሬ ገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ በሦስት ነገሮች ላይ የቆሙ ናቸው፤ ብርሃን የሚሰጥ ኤልኢዲ፣ ኃይል የሚያከማች ሊቲየም አዮን ድንጋይ፣ በሁለቱ መካከል ሆኖ የኃይሉን መጠን የሚቆጣጠር ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ። የአንድ ባትሪ ጥንካሬም ሆነ ድክመት በአመዛኙ የሚመነጨው ከእነዚህ ከሦስቱ ነው። ገዢው ግን ሱቅ ሲገባ በቅድሚያ የሚያየው ካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመውን የብርሃን ቁጥር ነው። ይህ ቁጥር ብቻውን ስለ ባትሪው የሚናገረው ጥቂት ነው።

የእጅ ባትሪ ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ዴቪድ ሚሴል የተባለ የፈጠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ1899 አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያገኘበት መሣሪያ፣ በወረቀት ቱቦ ውስጥ የተደረደሩ ድንጋዮች፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አምፖልና አንጸባራቂ ነበሩት። የዚያ ዘመን ድንጋይና አምፖል ደካሞች ስለነበሩ መብራቱን ብልጭ አድርጎ ማጥፋት እንጂ ለረጅም ጊዜ ማብራት አይቻልም ነበር። ከዚያ በኋላ ለብዙ አስርት ዓመታት ድንጋዩ ቢጠነክርም ብርሃኑ የሚመጣው ከሽቦ አምፖል ነበር፤ የሽቦ አምፖል ደግሞ ከሚወስደው ኃይል አብዛኛውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል።

ለውጡ የመጣው ከሁለት በኩል ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1991 የመጀመሪያውን ሊቲየም አዮን ድንጋይ ለገበያ አቀረበ። በዚያው አስርት ዓመት ጃፓን ውስጥ ደማቅ ሰማያዊ ኤልኢዲ ተሠራ፤ በላዩ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት ሲቀባበትም ነጭ ብርሃን ተገኘ። ሰማያዊውን ኤልኢዲ የፈጠሩት ኢሳሙ አካሳኪ፣ ሂሮሺ አማኖና ሹጂ ናካሙራ እ.ኤ.አ. በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ። ለሊቲየም አዮን ድንጋይ መሠረት የጣሉት ጆን ጉድኢነፍ፣ ስታንሊ ዊቲንግሃምና አኪራ ዮሺኖ ደግሞ በ2019 የኬሚስትሪውን ወሰዱ። ቀድሞ ትልልቅ ድንጋዮች ተደርድረውበት እንደ ዱላ የሚያዘው ባትሪ ዛሬ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የሚገባው በእነዚህ ሁለት ግኝቶች ምክንያት ነው።

ለምን ሥራ ነው የሚፈለገው?

ከብርሃኑ ቁጥር በፊት መጠየቅ ያለበት ባትሪው የሚውልበት ሥራ ነው። አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች፤ አገሩ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነም ማምሻው አጭር ነው፣ ጨለማው ቶሎ ይወርዳል። መብራት ሲጠፋ ቤት ውስጥ መንቀሳቀስ፣ ቆጣሪ ማየት፣ ሌሊት ለኪዳን ወይም ለሱብሒ ሶላት መውጣት፣ አምሽቶ ከታክሲ ወርዶ መብራት በሌለው ቅያስ መግባት፣ የመኪና ሞተር ውስጥ የወደቀ ብሎን መፈለግ፣ ግቢ መጠበቅ፣ ገጠር ውስጥ በረቱን ዞሮ ማየት፤ ሁሉም ብርሃን ይፈልጋሉ፣ የሚፈልጉት ብርሃን ግን አንድ ዓይነት አይደለም።

ቤት ውስጥና በእጅ ርቀት ላለ ሥራ የሚጠቅመው ሰፋ ብሎ የሚዘረጋ፣ ዓይን የማይወጋ ብርሃን ነው። ለመንገድ መካከለኛው ይበቃል፤ እግር ስርንና ከፊት ያለውን አሥርና ሃያ ሜትር ማሳየት አለበት። ትልቅ ግቢ ወይም ማሳ ለሚጠብቅ ሰው ግን ተሰብስቦ ርቆ የሚሄድ ብርሃን ግድ ነው። በአንድ ጊዜ ትንሽም፣ ቀላልም፣ ሩቅ የሚያሳይም፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያበራም ባትሪ የለም፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል።

የሞባይል ስልክ መብራት ቁልፍ ለመፈለግ ወይም በር ለመክፈት ይበቃል። ብርሃኑ ግን ተበትኖ የሚወጣ ስለሆነ ከጥቂት ሜትሮች አልፎ አያሳይም። መብራት በጠፋበት ምሽት ስልኩ ለመደወል ሲፈለግም ቻርጁ በመብራት አልቆ ይገኛል። በዝናብና በጭቃ ውስጥ ውድ ስልክ ዘርግቶ መሄድም አያዋጣም።

ሉመንና ካንዴላ

ሉመን ከመብራቱ የሚወጣው ጠቅላላ የብርሃን መጠን መለኪያ ነው። ካንዴላ ደግሞ ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ምን ያህል ተሰብስቦ እንደሚወጣ ይለካል። የውሃ ጎማ ጫፉ በጣት ሲጠብ የውሃው መጠን ሳይጨምር ርቆ እንደሚፈናጠር ሁሉ፣ 300 ሉመን ያለው ባትሪም ብርሃኑን ከሰበሰበ 1,000 ሉመን ካለው የተበተነ ብርሃን ይልቅ ሩቅ ሊያሳይ ይችላል። ጠለቅ ያለና ለስላሳ አንጸባራቂ ብርሃኑን ይሰበስባል፤ ጠባብ ወይም ሸካራ ፊት ደግሞ ያሰፋዋል።

ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጥንካሬው ወደ አንድ አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያሳየውን ርቀት እጥፍ ለማድረግ ካንዴላው አራት እጥፍ መሆን አለበት። በተለመደው ስሌት 2,500 ካንዴላ 100 ሜትር፣ 10,000 ካንዴላ 200 ሜትር፣ 40,000 ካንዴላ ደግሞ 400 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ይህ ርቀት የሚለካው ብርሃኑ 0.25 ሉክስ እስኪሆን፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ያህል እስኪቀር ድረስ ነው። በዚያ ብርሃን ሰው መኖሩ ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ማን እንደሆነ ግን አይለይም። ነገሩን በግልጽ ለማየት ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው ርቀት ግማሹን ወይም ከዚያ ያነሰውን መያዝ ይሻላል።

የሰው ዓይንም የብርሃንን ጭማሪ እንደ ቁጥሩ አያየውም። አንድ ብርሃን ለዓይን እጥፍ ደምቆ እንዲታይ ሉመኑ አራት እጥፍ ገደማ መጨመር አለበት። በ1,000 እና በ1,200 ሉመን መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን በቀላሉ አይለየውም፤ ዋጋው ላይ ግን ይታያል።

ለዕለት ሥራ የሚበቃው ብርሃን ብዙ ሰው ከሚገምተው ያነሰ ነው። ሌሊት ልጆች ሳይነቁ መኝታ ቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ 1 ሉመን ወይም ከዚያ በታች ይበቃል። ለማንበብና ጓዳ ውስጥ ዕቃ ለመፈለግ ከ10 እስከ 30፣ መንገድ ለመሄድ ከ100 እስከ 150፣ ግቢ ዞሮ ለማየት ከ300 እስከ 500 ሉመን በቂ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ለአፍታ ሩቅ ለማየት የሚጠቅም ትርፍ ነው። በጨለማ የለመደ ዓይን አንዴ በደማቅ ብርሃን ከተመታ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀድሞው ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስድበታል። በጣም ዝቅ ያለ ብርሃን ያለው ባትሪ ተመራጭ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ጉም ሲወርድም እንዲሁ ነው፤ ኃይለኛ ብርሃን ከጉሙ ላይ ተመልሶ የያዘውን ሰው ያሳውራል፣ ዝቅ ያለው ግን እግር ስር ያለውን ያሳያል።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ2009 አሜሪካ ውስጥ ኤፍኤል 1 የተባለ የእጅ ባትሪ መለኪያ ደረጃ ወጣ። በዚህ ደረጃ መሠረት ሉመን የሚለካው ባትሪው ከበራ ከ30 ሰከንድ እስከ 2 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። የቆይታው ጊዜ የሚቆጠረው ደግሞ ብርሃኑ ከመጀመሪያው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ድረስ ነው። ደረጃውን የሚከተሉ አምራቾች ካርቶኑ ላይ ሉመኑን፣ ርቀቱን፣ ካንዴላውንና ቆይታውን በየብርሃን መጠኑ ለይተው ያትማሉ። ምንም ዝርዝር የሌለበት፣ አንድ ግዙፍ ቁጥር ብቻ የተጻፈበት ካርቶን ግን ማስታወቂያ እንጂ መለኪያ አይደለም።

ደረጃውን የሚከተለውም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። “1,000 ሉመን፣ 3 ሰዓት” ሲባል ባትሪው ሦስት ሰዓት ሙሉ 1,000 ሉመን ይሰጣል ማለት አይደለም። ለጥቂት ደቂቃ 1,000 ሰጥቶ፣ ከዚያ ወደ 300 ወርዶ በዚያው ሊቀጥል ይችላል፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ወደ 100 ሉመን እስኪደርስ ነውና።

ብርሃኑ የሚወርድበት ምክንያት ሙቀት ነው። 1,000 ሉመን ለመስጠት 10 ዋት ገደማ ኃይል ያስፈልጋል፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ኤልኢዲው ውስጥ ሙቀት ሆኖ ይቀራል። መቶ ግራም የማይሞላ የአሉሚኒየም ቱቦ ይህን ሁሉ ሙቀት ወደ አየር ማስወጣት አይችልም። ደህና ተደርጎ የተሠራ ባትሪ ሙቀቱን እየለካ ብርሃኑን ራሱ ይቀንሳል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ኤልኢዲውን፣ ድንጋዩንና የያዘውን እጅ የሚጠብቅ አሠራር ነው። ለገዢው ትልቁ መረጃም ይኸው ነው፤ ትንሽ ባትሪ ያለማቋረጥ የሚሰጠው ብርሃን ብዙውን ጊዜ ካርቶኑ ላይ ካለው ከፍተኛ ቁጥር ግማሽ እንኳ አይደርስም።

የተጋነነ ቁጥርን በቀላል ስሌት መያዝ ይቻላል። 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ ድንጋይ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ኃይል ይሰጣል። ጥሩ ባትሪ ከአንድ ዋት 100 ሉመን ገደማ ያወጣል ቢባል፣ ይህ ድንጋይ 100 ሉመንን ለ12 ሰዓት ወይም 1,000 ሉመንን ለአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል መመገብ ይችላል። ስለዚህ አንድ ድንጋይ ይዞ “1,000 ሉመን ያለማቋረጥ ለ5 ሰዓት” የሚል ጽሑፍ ውሸት ነው፤ ያ እንዲሆን አራት ድንጋይ ያስፈልጋል።

ድንጋዩ

ከባትሪው ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጀው ድንጋዩ ነው። በዚህም ምክንያት የድንጋዩ ዓይነት የዕቃውን ዕድሜ ይወስናል።

የሊቲየም ድንጋዮች የሚጠሩት በመጠናቸው ነው። 18650 ሲባል የመጀመሪያዎቹ ሁለት አኃዞች ውፍረቱ 18 ሚሊሜትር፣ ቀጣዮቹ ሁለቱ ርዝመቱ 65 ሚሊሜትር መሆኑን ይነግራሉ፤ የመጨረሻው ዜሮ ደግሞ ክብ ቅርጽን ያመለክታል። ይህ ድንጋይ ላፕቶፕና ፓወር ባንክ ውስጥም ስለሚገባ በየከተማው በቀላሉ ይገኛል። 21700 ትንሽ ወፈርና ረዘም ያለ ሲሆን 5,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ይይዛል፤ ቆይታው ረጅም ነው፣ ኪስ ውስጥ ግን ይከብዳል። 14500 በመጠኑ ለሬዲዮና ለግድግዳ ሰዓት ከሚገባው ተራ ትንሽ ድንጋይ ጋር እኩል ነው። አቅሙ 1,000 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ቀጭንና ቀላል ባትሪ ለሚፈልግ ይመቻል።

አንዳንድ ባትሪዎች 14500ንም ተራውን ድንጋይም ይቀበላሉ፤ ቻርጅ በማይገኝበት ቦታ ከመንደር ሱቅ ድንጋይ ገዝቶ መቀጠል ያስችላል። ሁሉም ግን እንዲህ አይደሉም። ተራው ድንጋይ 1.5 ቮልት፣ ሊቲየሙ ግን ሲሞላ 4.2 ቮልት ስለሆነ፣ ለ1.5 ቮልት ብቻ በተሠራ ዕቃ ውስጥ ሊቲየም ማስገባት ዕቃውን ያቃጥላል።

በዚህ ገበያ ውስጥ ከሁሉ የበዛው ማጭበርበር የድንጋይ አቅም ላይ ነው። የታወቁ አምራቾች 18650 ድንጋይ አቅሙ ቢበዛ 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነው፤ ይሁንና ላዩ ላይ 6,800 ወይም 9,900 የተጻፈበት ድንጋይ በርካሽ ይሸጣል። ማረጋገጫው ሚዛን ነው። እውነተኛ 18650 ከ45 እስከ 50 ግራም ይመዝናል። 9,900 ተብሎ ታትሞበት 30 ግራም የሚመዝን ከሆነ፣ ከብረት ሽፋኑ ስር ያለው ትንሽ ድንጋይ ወይም መሙያ ነገር ነው። ሚዛን ባይኖርም ሁለት ድንጋዮችን በሁለት መዳፍ ይዞ ማመዛዘን ብዙ ጊዜ ልዩነቱን ያሳያል።

ሌላው ጥያቄ ድንጋዩ ይወጣል ወይስ አይወጣም የሚለው ነው። ሊቲየም አዮን ድንጋይ ከ300 እስከ 500 ጊዜ ሙሉ በሙሉ ከሞላና ባዶ ከሆነ በኋላ አቅሙ በሚታይ መጠን ይቀንሳል። ድንጋዩ በብየዳ የታሰረበት የቁልፍ መያዣ ባትሪ በዚያን ጊዜ ይጣላል። ድንጋዩ የሚወጣው ግን በአዲስ ድንጋይ እንደገና አዲስ ይሆናል። አንዳንድ አምራቾች ደግሞ ድንጋዩ እንዲወጣ አድርገው፣ ሁለቱንም ዋልታ በአንድ ጫፍ በማስቀመጥ የራሳቸውን ድንጋይ ብቻ እንዲቀበል ያደርጋሉ። ያ ድንጋይ አገር ውስጥ የማይገኝ ከሆነ ባትሪው ድንጋዩ ታስሮበት ከተሸጠው አይሻልም።

ከኋላው ተጣጥፎ የሚወጣ ሶኬት ያላቸውና ቀጥታ ግድግዳ ላይ የሚሰኩት ርካሽ ባትሪዎች ብዙዎቹ ሊቲየም የላቸውም፤ ውስጣቸው ያለው ትንሽ 4 ቮልት የእርሳስ አሲድ ድንጋይ ነው። የእርሳስ አሲድ ድንጋይ ባዶውን ሲቀመጥ ውስጡ ጨው እየያዘ ይሞታል። ለክፉ ቀን ተብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ የተቀመጠው ባትሪ ከወራት በኋላ ሲፈለግ የማይበራው በዚህ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለው ባትሪ ቤት ውስጥ ካለ ቢያንስ በየወሩ መሞላት አለበት።

ቻርጅ የሚደረግበት መንገድ

ዛሬ ተመራጩ ታይፕ ሲ መሰኪያ ነው። የስልኩ ገመድ ለባትሪውም ይሆናል፤ ከፓወር ባንክ፣ ከመኪና ወይም ከትንሽ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ መሙላትም ያስችላል። አሮጌው ማይክሮ መሰኪያ ይሠራል፤ ነገር ግን ቶሎ ይላላል፣ ገመዱም ከቤት እየጠፋ ነው። በማግኔት የሚጣበቀው ቻርጀር ለአጠቃቀም ምቹ ቢሆንም ገመዱ ከጠፋ ምትኩን ማግኘት ከባድ ነው።

ታይፕ ሲ የሚል ሁሉ አንድ አይደለም። አንዳንድ አምራቾች ወጪ ለመቆጠብ መሰኪያው አጠገብ መኖር ያለባቸውን ሁለት ጥቃቅን ሬዚስተሮች ይተዋሉ። እንዲህ ያለው ባትሪ በሁለቱም ጫፍ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ከአዲስ ቻርጀር ጋር ሲያያዝ ምንም አይሞላም፤ በሌላው ጫፍ ሰፊው የቀድሞ መሰኪያ ባለው ገመድ ግን ይሞላል። ብዙ ሰው ባትሪው ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ገመዱን ሳይቀይር ነው።

የመሙያ ፍጥነትም ይታያል። 3,500 ሚሊአምፔር ሰዓት ድንጋይ በ1 አምፔር ሲሞላ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ፣ በ2 አምፔር ሁለት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። መብራት ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ በሚመጣበት አካባቢ ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እየሞላ ሳለ ቀይ፣ ሲሞላ አረንጓዴ የሚያሳይ መብራት፣ ድንጋዩ ሊያልቅ ሲል የሚያስጠነቅቅ ምልክትና ድንጋዩ ከሚገባው በታች እንዳይወርድ የሚያቋርጥ መከላከያም ሊኖሩ ይገባል።

የብርሃኑ ቀለም

የብርሃን ቀለም በኬልቨን ይለካል። 3,000 ኬልቨን አካባቢ ያለው እንደ ድሮው አምፖል ወርቃማ ነው፤ ከ4,000 እስከ 5,000 ያለው ለፀሐይ ብርሃን የቀረበ ነው፤ 6,500 እና ከዚያ በላይ ያለው ወደ ሰማያዊ ያደላል። ሰማያዊ ቀመሱ ብርሃን በተመሳሳይ ድንጋይ ትንሽ ከፍ ያለ ሉመን ስለሚሰጥ ርካሽ ባትሪዎች የሚያዘወትሩት እሱን ነው።

ቀለምን በትክክል የማሳየት ችሎታ ሲአርአይ በሚባል ከ100 በሚታሰብ ነጥብ ይገለጻል። 70 የሆነ ብርሃን መንገድ ለማየት ይበቃል፤ ቀይና ቡናማ ሽቦን መለየት ያለበት ኤሌክትሪሺያን፣ ቁስል የሚያይ የጤና ባለሙያ ወይም ዘይት ከውሃ መለየት ያለበት መካኒክ ግን 90 እና ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል። በዝቅተኛ ነጥብ ቀይ ነገር ይደበዝዛል፤ ደምና ጭቃ ይመሳሰላሉ። ለዕለት አገልግሎት ከ4,000 እስከ 5,000 ኬልቨን ያለው ብርሃን ከሁሉም ጋር ይስማማል።

አካሉና ማብሪያ ማጥፊያው

ከአሉሚኒየም የተሠራ አካል ሙቀት ያስወጣል፣ ሲወድቅም ይቋቋማል። ፕላስቲክ ይቀላል፣ ሙቀቱን ግን አፍኖ ስለሚይዝ ከፍተኛ ብርሃን ለሚሰጥ ባትሪ አይሆንም። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ቦታ ላይ ያለው ቀጭን የላስቲክ ቀለበት ውሃ የሚከለክለው ክፍል ነው፤ ከደረቀ ወይም ከተቆረጠ ባትሪው ውሃ መቻሉ ያበቃል።

ውሃና አቧራ መቋቋም በአይፒ ቁጥር ይገለጻል። የመጀመሪያው አኃዝ አቧራን፣ ሁለተኛው ውሃን ይመለከታል። በሁለተኛው ቦታ 4 ካለ የሚረጭ ውሃ ይችላል፤ 7 ካለ አንድ ሜትር ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል፤ 8 ካለ ከዚያም ያልፋል። ለሐምሌና ለነሐሴ ዝናብ 4 ያለው ይበቃል፤ ወንዝ ለሚሻገር ወይም ባትሪውን ጭቃ ውስጥ ለሚጥል ሰው 7 እና 8 ይሻላል። የቻርጅ መሰኪያው የላስቲክ ክዳን በደንብ ካልተገጠመ ግን ቁጥሩ ዋጋ የለውም።

ማብሪያው ከኋላ ወይም ከጎን ይሆናል። የኋላው በጨለማ በቀላሉ በጣት ይገኛል፤ የጎኑ ደግሞ የብርሃኑን መጠን ለመቀያየር ይመቻል። ዋናው ግን አሠራሩ ነው። አንዴ ሲጫኑት የሚበራ፣ ሲይዙት ከትንሽ ወደ ትልቅ የሚሄድ ባትሪ ለልጅም ለአዛውንትም አያስቸግርም። ብልጭ ድርግም የሚለው ብርሃን ለማጥፋት በተፈለገ ቁጥር ከመንገድ ላይ የሚደቀን ከሆነ ያሰለቻል፤ ተደብቆ መቀመጥ አለበት።

ኃይለኛ ባትሪ ኪስ ውስጥ ሳይታወቅ ከበራ ጨርቅ ሊያቃጥል ይችላል። ስለዚህ መቆለፊያ ያለው ይመረጣል፤ ከሌለውም የኋላ ክዳኑን ሩብ ዙር ማላላት በብዙዎቹ ላይ ኃይሉን ያቋርጣል። ኪስ ላይ የሚያዝ የብረት ማንጠልጠያ ባትሪው እንዳይወድቅ ይረዳል፤ ከኋላው ማግኔት ያለው ደግሞ መኪና ኮፈን ላይ ተለጥፎ ሁለት እጅ ነጻ ያደርጋል።

አያያዝ

ሊቲየም ድንጋይ ብዙ ኃይል በትንሽ ቦታ የሚይዝ ስለሆነ ጥንቃቄ ይሻል። ሌጣውን ድንጋይ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር ኪስ ውስጥ መክተት አደገኛ ነው፤ ብረቱ ሁለቱን ዋልታዎች ካገናኘ ድንጋዩ በቅጽበት ይግላል፣ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ያበጠ፣ ሽፋኑ የተቀደደ ወይም ሲሞላ ከልክ በላይ የሚግል ድንጋይ ከአገልግሎት ይወጣል። አልጋ ላይና ትራስ ስር ቻርጅ ማድረግ፣ ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ ማስቀመጥና እሳት ውስጥ መጣል አይገባም።

ለረጅም ጊዜ የሚቀመጥ ባትሪ ከ40 እስከ 60 በመቶ ተሞልቶ ቢቀመጥ ድንጋዩ ዕድሜው ይረዝማል። መብራት ለሚጠፋበት ቤት ተዘጋጅቶ የተቀመጠው ግን መሞላት አለበት፤ ትንሽ ዕድሜ ቢቀንስም በተፈለገ ጊዜ መብራቱ ይበልጣል። ከውጭ አገር ባትሪ የሚያመጣ መንገደኛም ትርፍ የሊቲየም ድንጋዮችን ከራሱ ጋር በእጅ ሻንጣ መያዝ አለበት፤ ወደ ጭነት በሚገባ ሻንጣ ውስጥ አይፈቀዱም። ዋልታቸውም በፕላስተር ወይም በመያዣ መሸፈን አለበት። የአንድ 18650 ኃይል 12 ዋት ሰዓት አካባቢ ስለሆነ ያለ ልዩ ፈቃድ ለሚያዝ ድንጋይ ከተወሰነው የ100 ዋት ሰዓት ጣሪያ በእጅጉ በታች ነው።

ሱቅ ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ

ባትሪ ሳይከፈልበት መፈተሽ ይቻላል። በቅድሚያ የሚታየው ትልቁ ብርሃን ሳይሆን ትንሹ ነው፤ ዝቅተኛው ብርሃን ለጨለማ ክፍል የሚሆን መሆኑ ይረጋገጣል። ቀጥሎ መብራቱ ነጭ ግድግዳ ላይ ይበራል፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ወይም የተዘበራረቀ ክብ ካለ አንጸባራቂው በትክክል አልተገጠመም። የስልክ ካሜራ ወደ ብርሃኑ ሲዞር ጥቁር መስመሮች ከታዩ መብራቱ በፍጥነት እየበራና እየጠፋ ነው፤ ለረጅም ሥራ ዓይን ያደክማል።

ከዚያ ባትሪው በከፍተኛው ብርሃን ለአምስት ደቂቃ ይተዋል። ብርሃኑ ቀስ ብሎ ዝቅ ካለና አካሉ በእጅ ለመያዝ የሚቻል ሆኖ ከቆየ የሙቀት መቆጣጠሪያው ይሠራል። እንደ ደመቀ ቆይቶ መያዝ እስከሚያቅት ከጋለ መቆጣጠሪያ የለውም። በመጨረሻ ክዳኑ ተፈትቶ ድንጋዩ ይወጣል፣ ይመዘናል፣ መጠኑ ይነበባል፤ ባትሪው ከገዢው የስልክ ገመድ ጋር ተያይዞም መሙላቱ ይታያል።

ለአብዛኛው ሰው የሚስማማው ባትሪ አንድ 18650 ድንጋይ የሚቀበል፣ ታይፕ ሲ ያለው፣ ዝቅተኛው ብርሃኑ ከ10 ሉመን በታች፣ ከ100 እስከ 200 ሉመን ለሰዓታት ሳይዋዥቅ የሚሰጥ፣ ከፍተኛው ከ500 እስከ 1,000 ሉመን የሆነ ነው። ለጥበቃ ሥራ ከ10,000 ካንዴላ በላይ ያለው፣ ለቁልፍ መያዣ ደግሞ 100 ሉመን የሚሰጥ ትንሽ ባትሪ ይበቃል። ዋጋቸው ከተቀራረበ ሁለት ባትሪዎች አንዱ በሉመን፣ ሌላው በሚወጣና በየሱቁ በሚገኝ ድንጋይ ከበለጠ፣ መገዛት ያለበት ሁለተኛው ነው።